በመርሐ ግብር የተጠቀለለ ኪኒን

በደቡብ ጎንደር ደጋ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የመንግሥት ሆስፒታል፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የሆስፒታሏን ስም አልጠራም፤ ስሟ ምን በደለ? በዚያ ዓመት ያጣነው ሌላ ሳይሆን የኪኒን መያዣ ፖስታ ነበር። ፀሐይና ጨረቃ የተሣለባት፣ ማንበብ የማይችል ሰው የጧቱንና የማታውን የሚለይባት ትንሽ የወረቀት ከረጢት። ከመስከረም ጀምሮ ደጋግመን ጠየቅን፤ በጀት የለም ተባልን።

ጥር ላይ በጀት መጣ። ለፖስታ ግን አይደለም፤ ስለ መድኃኒት ደኅንነት እንድንሠለጥን ነው። ደብረ ታቦር፣ ሆቴል አዳራሽ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ኮፍያ ታደለን፣ ቲሸርት ታደለን፣ ባነሩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል። አሠልጣኙ ታካሚ ንጉሥ ነው እያለ ሲደጋግም፣ ንጉሡ ኪኒኑን በምን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ጠየቅሁት። ጥያቄዬ ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው አለኝ። ኃላፊያችን ደግሞ በሻይ ሰዓት ወደ ጥግ ወስዶ፣ ለሥልጠና የመጣ ገንዘብ ፖስታ እንደማይገዛበት፣ ቢገዛበት በኦዲት እንደሚያስጠይቅ መከረኝ። ይህን ሲለኝ አፉ ሳምቡሳ ሞልቶት ነበር። እንዳልዋሽ፣ እኔም ሁለት በልቻለሁ።

ስንመለስ ከሥልጠናው የተረፈውን የመርሐ ግብር ወረቀት አንድ እሽግ ተሸክሜ መጣሁ። በመቀስ እየቆራረጥሁ የኪኒን መጠቅለያ አደረግሁት። ብልህ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ኃላፊያችንም ነገሩን የሥልጠናው ውጤት አድርጎ በሪፖርቱ አሰፈረው፤ በብልሃት ከእኔም በለጠ።

በዐቢይ ጾም አንዲት አረጋዊት እናት ከገጠር መጡ። የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላቸዋል። ሰልፉ ደጅ ደርሶ ስለነበር ኪኒናቸውን ጠቅልዬ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጧት አንድ ማታ አንድ፣ ከምግብ በኋላ ይዋጡ አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ይጾሙ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እኔ ራሴ በዚያች ሰዓት እህል ሳልቀምስ ቆሜ፣ ለሳቸው ግን ቁርስ እንዳላቸው አድርጌ አዘዝሁ። ያ ሁሉ ሥልጠና ይህችን አንዲት ጥያቄ አላስተማረኝም።

በሳምንቱ ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ከብት ሊያስገቡ ሲወጡ ራሳቸውን ስተው ደጃፋቸው ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ወድቀዋል። ግንባራቸው ተተርትሯል፣ ግፊታቸው እጅግ ወርዷል። ሐኪሙ አስጠርቶ ምን እንደሰጠኋቸው ጠየቀኝ። ገደልኋቸው ብዬ ፈራሁ። ግሉኮሱ ተሰቅሎላቸው ዓይናቸውን እስኪገልጡ ድረስ ካጠገባቸው አልተነሣሁም። ከራስጌያቸው በላይ የሥልጠናው ባነር ተሰቅሎ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ሥራውን ሲጨርስ ለኛ ሆስፒታል የደረሰው እርሱ ነው።

ሲበረቱ ኪኒኑን እንዴት እንደወሰዱት ጠየቅኋቸው።

"ጾም አይደል፣ ልጄ? እህል የምቀምሰው ከቅዳሴ መልስ አንዴ ነው። አንተ ከምግብ በኋላ ካልኸኝ፣ የጧቱን ከማታው ጋራ ባንድ ዋጥሁት።"

ቃሌን ጠብቀው ነው የወደቁት። ደግሞም ዝም ብለው አልዋጡትም፤ ተጠራጥረው ኖሯል። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው የጠቀለልሁበትን ወረቀት አወጡ። ሐኪም ቤት የሰጠው ጽሑፍ ነው፣ አወሳሰዱ ይኖርበታል ብለው ለተማሪ ልጃቸው አስነብበውታል። ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። የእንግዶች ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ ምሳ፣ እንደገና የሻይ ዕረፍት።

"ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ" አሉ፤ "ስለ ኪኒኑ አንድም የለበት። ይህን ሁሉ ምሳና ሻይ የሚበላ የሚጠጣው ማነው?"

"እኛ ነን፣ እማማ" አልኋቸው።