ስክሪኑ ላይ የወጣው ስም

ደባርቅ የቱሪስት መኪና ሾፌር ሳለሁ፣ ባለንብረቱ የድሮውን ቴፕ አስነቅሎ ስክሪን አስገጠመበት። ስልክ ሲደወል በመኪናው ድምፅ ማጉያ ማውራት ይቻላል ተባለ። ይቻላል፤ ግን ስም አይወጣም፣ ቁጥር ብቻ ይደረድራል። እኔ ደግሞ ከራሴ በቀር የማንንም ቁጥር በቃሌ አልይዝም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ብሉቱዙን ሰርዤ እንደገና አገናኘሁት፣ ለስክሪኑም ለገጠመውም የሚገባቸውን ስድብ ሰጠኋቸው። ወይ ፍንክች! መካሪ መቼም አይጠፋም። አንዱ ስልኩ ነው ይላል፣ ሌላው መኪናው ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጠበል እርጭበት እያለ ይስቅብኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ጧት አክስቴ ዳባት ላይ አረፈች። ልጇ ጎንደር ሞባይል ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አጎቴ ደወለልኝ።

«ሂድና አምጣት። ትንሽ አሟታል በላት እንጂ እንዳታረዳት። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። እኛና የነፍስ አባቷ ሁነን እንነግራታለን። ስልክህንም እንዳትዘጋ።»

«እሽ» አልኩ። ልማዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይረዳም፤ ሲወድቅ የሚይዙት ሰዎች በዙሪያው ይቆማሉ። በአክስቴ ሰፈር በኩል ሳልቆም አልፌ ጎንደር ወረድኩ።

አንዲት ትንሽ ቦርሳ ይዛ ወጣች። «ምን ሁና ነው?» አለችኝ ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ብርድ ነው መሰል።»

«ስልኳ እኮ ዝግ ነው።»

«ቻርጅ ጨርሶ ይሆናል።»

ከከተማ እንደወጣን ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር መጣ። ባነሳው አንዱ ወሬኛ «ነፍስ ይማር» ብሎ በአራቱም ድምፅ ማጉያ ይለቅብኛል። ዘጋሁት። እንደገና ተደወለ፣ እንደገና ዘጋሁ።

«ለምን አታነሳም?»

«ስም አያወጣም ይኼ እርጉም። ማን እንደሆነ በምን አውቄ ላንሳ?»

«አምጣው እስቲ ወንድምዓለም» አለችና ስልኬን ተቀበለችኝ። ደስ አለኝ። እጇ ሥራ ከያዘ ስለ እናቷ መጠየቋን ትተወኛለች ብዬ ነው። እሷም እውነትም ረሳችው፤ አቀርቅራ ስልኩን ትነካካ ጀመር።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ገበያ ነበር። እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውት ዝግ ብዬ እነዳለሁ። «ስሞችህን በሙሉ ሲም ካርዱ ላይ ነው የመዘገብካቸው» አለችኝ። «መኪናው የሚያነበው ግን ስልኩ ላይ ያለውን ነው። ደግሞ ስልክህ ስሞቹን ለመኪናው ልስጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ እንቢ ብለኸዋል።»

«እኔ መቼ ተጠየቅሁ?»

«ተጠይቀሃል። ሳታነብ ነክተኸው ነው።»

ስሞቹን ወደ ስልኩ ገለበጠች፣ ፈቃዱን ሰጠች፣ ብሉቱዙን ፈትታ እንደገና አገናኘችው። ብዙም ሳይቆይ ስሞቹ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ። ያን ሰሞን ሁሉ የታገልኩት ነገር እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳየው ተናደድኩም ደስም አለኝ። እሷ እየጮኸች ታነብ ጀመር። «ጎማ ቤት። ሉካንዳ ደባርቅ። ነጭናጫው አስጎብኚ። ኧረ አንተ! የሰው ስም የሚባል ነገር አታውቅም?»

«ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው» አልኳት። ሳቀች። እናቷን የምትመስለው ስትስቅ ነበር፤ አንጀቴን በላችኝ።

ያኔ ስልኩ ጠራ። ስክሪኑ ሙሉውን በትልቅ ፊደል «እድር ድንኳን ዳባት» ብሎ ጻፈ።

የእድሩን ድንኳን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። አንዳንድ ቀን ቋሚዎቹን ስለምጭንለት ነው የመዘገብኩት። ቶሎ ብዬ ዘጋሁት። ግን አንብባዋለች። ብርድ ለመታው ሰው ድንኳን የሚተክል እድር የለም።

ጥቂት እንደሄድን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«መቼ ነው?»

«ዛሬ ጧት።»

«ተቀበረች?»

«አንችን እየጠበቁ ነው።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች፤ ድምፅ አልነበረውም። ላቁም ብላት «ንዳ» አለችኝ። ዋይ ብትል ይሻለኝ ነበር። ሁለቱም እጆቼ መሪ ላይ ነበሩ፤ የሚደግፋት ሰው አልነበረም። ስክሪኑን በቡጢ ብሰብረው ደስ ባለኝ። እሱ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው።

ዳባት ልንገባ ስንል ፊቷን ጠረገች። ነጠላዋን አቃንታ ለበሰችው።

«ማወቄን እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው። እነሱው ይንገሩኝ። አንተንም ይቀየሙሃል።»

ድንኳኑ እንዳይታያት ብለው ጎረቤት ቤት አስገቧት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሴቶች ግራና ቀኟን ያዙ። የነፍስ አባቷ ከሩቅ ጀመሩ፤ ስለ አዳም፣ ስለዚህች ዓለም አላፊነት፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ። አንገቷን ደፍታ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። የእናቷን ስም ሲጠሩ ጮኸች። ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ይዛው የመጣችው ጩኸት ነበር። ሴቶቹ አልቻሏትም።

አጎቴ ዓይኑን እየጠረገ ወጣና ትከሻዬን ያዘኝ።

«ተባረክ ልጄ» አለኝ። «ምንም ሳትሰማ አደረስካት።»

«አሜን» አልኩት።