ጁሬማ፣ የሁለት ጌታ ጣቢያ ጠባቂ

ጁሬማ ፓሼኮ ለዱላ ደሞዝ ሳይከፈላት በፊትም መማታት ታውቅ ነበር። ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ከካሩአሩ፣ ሳኦ ፓውሎ የገባችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ያገባችው ልስን ሠሪ፣ አዴሚር፣ አንድ ቀን በብረት ድስት ጭንቅላቷን ፈነከታት። ያንኑ ድስት አንስታ ሁለት የጎን አጥንቱን ሰበረችና ሴት ልጇን አዝላ ወጣች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የጫማዋን ማሰሪያ እየሳበች፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ሁሉ።

እኔ የትኬት መስኮት ላይ ነበርኩ፣ እሷ ጥበቃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የባቡር ጣቢያ ሠርተናል።

ጣቢያው መጀመሪያ የመንግሥት ብቻ ነበር። በኋላ ከሥሩ አዲስ መስመር ተቆፍሮ ለግል ኩባንያ ተሰጠና በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ጌታ ሆነ። የእኛ ወለል ጥቁር ጎማ ነው፣ የእነሱ ነጭ ሴራሚክ፤ መሐሉ ላይ ስፋቷ አውራ ጣት የሚያህል የብረት ሰቅ ተጋድማለች። ተሳፋሪው ልብ ሳይላት ይረግጣታል። ለጥበቃዎቹ ግን ድንበር ነበረች። የእኛ ጥበቃ ወደዚያ ተሻግሮ ሰው አይነካም፤ የእነሱም ወደዚህ።

ይህን ከሁላችንም ቀድሞ የተረዳው ኦዳይር ሳቢኖ ነው። ኦዳይር ባቡር ውስጥ ፓሶካ የሚሉትን የኦቾሎኒ ጣፋጭና የስልክ ማዳመጫ የሚሸጥ ሱቅ በደረቴ ነበር፤ ክልክል ነው፣ ከተያዘ ዕቃው ይወረሳል። ቦርጫም ቢሆንም ሲሮጥ አይያዝም። ጁሬማ ስታባርረው ሰቋን ይዘልና ነጩ ወለል ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«እትዬ ጁሬማ፣ ይሻገሩ እንጂ! ቪዛ ከለከሉዎት እንዴ?»

«አንተ ቦርጫም፣ እግርህን ባልሰብርልህ ጁሬማ አይደለሁም!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ደም ግፊትዎ! ፓሶካ ልወርውርልዎት?»

ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ሦስት ጊዜ ግን ይዛዋለች። ሦስተኛው ጊዜ ደረጃው ላይ ነበር። በጸጉሩ ጎትታ አወረደችውና አፉን በዱላ አለችው፤ ጥርሱ እየነጠረ ሲወርድ አየሁ። ከመስኮቴ ሥር መጥረጊያ ወረቀት አቀበልኩት። ደሙን እየተፋ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ማታ ልብስ ስንቀይር ጁሬማ እጇን እያየች «ታውቂያለሽ፣ ሰው ስመታ ደስ ይለኛል፤ ይኼ ነገር ያስፈራኛል» አለች። 

በዚያው ዓመት ኩባንያው ጥበቃዎቹን ለወጠ። አዲሶቹ ጥቁር የለበሱ፣ የቆዳ ጓንት ያጠለቁ፣ ሰላምታ የማያውቁ ወንዶች ነበሩ። አለቃቸው ግሌይሶን የሚባል ቀውላላ ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ጁሬማ እንደ ልማዷ ኦዳይርን ታባርራለች። ሰቋን ዘለለና ሊቀልድባት ዞር አለ። ከኋላው ጥቁር ለባሾቹ አራት ሆነው ቆመዋል። የመጀመሪያው ዱላ ቋንጃው ላይ አረፈ፤ በግንባሩ ተደፋ፣ ፓሶካው ወለሉ ላይ ተዘራ።

ጁሬማ ድንበሯ ላይ ቆማ እያለከለከች ሳቀች። «እሰይ! የእጅህን አገኘህ!»

እነሱ ግን አላቆሙም። አንዱ በጫማው ወገቡን ይረግጠዋል፣ ሌላው ራሱን ከሴራሚኩ ጋር ያላትመዋል። ግሌይሶን ጣቶቹ ላይ ቆሞ ተረከዙን ያሽከረክራል። ነጩ ወለል ቀላ። የጁሬማ ሳቅ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«እትዬ ጁሬማ!» አለ ኦዳይር። በዚያ ድምፅ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

የመገናኛ ሬዲዮዋን አነሳች። «ሰው እየገደሉ ነው። ልግባ?»

«የእኛ ወለል አይደለም» አለ አለቃችን። «ቦታሽን እንዳትለቂ።»

«እየገደሉት ነው እኮ!»

«የእኛ አይደለም አልኩሽ!»

ሬዲዮውን ጣለችና ተሻገረች። የመጀመሪያውን ዱላ የግሌይሶን ክርን ላይ አሳረፈችው፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ መስኮቴ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሁለተኛውን ሰውዬ አፍንጫው ላይ አለችው። የቀሩት ሁለቱ ወደ እሷ ዞሩ። የግራ ትከሻ አጥንቷን ሰበሩት፤ በአንድ እጇ ስትማታ ቆይታ፣ የአንዱን ጆሮ ነክሳ እንደያዘች ኦዳይር ላይ ወደቀች። በኋላ ሰዉ ሁሉ «ሬሳዬን ተራመዱ ብላ ከለለችው» እያለ አወራ። እሷ ግን ትቆጣለች፦ «ምን ከለልኩት? ወደቅኩ እንጂ!»

ያዳናቸው ተሳፋሪው ነው። አንዲት ወፍራም ሴት ጃንጥላዋን ይዛ ቀደመች፣ ሌላው ተከተላት፤ ጥቁር ለባሾቹ ክፍላቸው ገብተው ቆለፉ።

ኦዳይር ጣፊያው ወጣ፣ ቀኝ ጆሮውም ደነቆረ። በሦስተኛው ወር የጁሬማ የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲታይ ምርኩዝ ይዞ ለምስክርነት መጣ። የኩባንያው ጠበቃ ጠየቀው፦

«ይህች ሴት ከዚህ በፊት መትታህ ታውቃለች?»

የሠራተኛ ማኅበራችን ሰውዬ «የለም በል» በሚል ዓይን ራሱን ነቀነቀለት።

«አዎ» አለ ኦዳይር። «ሦስት ጊዜ።» አፉን ከፍቶ ክፍተቱን አሳየ።

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትመሰክርላት?»

«እሷ ስወድቅ መምታት ታቆማለች፣ ጌታዬ። እነሱ የጀመሩት ከወደቅኩ በኋላ ነው።»

ጁሬማ ሳትጠየቅ ተነሳች። «ያለው እውነት ነው። ጥርሱን እኔ ነኝ ያወለቅኩት፤ ጻፉት።» ጻፉት። ከሥራ ስትባረር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነው፦ የጥበቃ ቦታ መልቀቅ። ግሌይሶንም ተባረረ። ሦስቱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ።

አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ታጥፋለች፤ ግራ እጇ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም። ከኦዳይር ጋር ወዳጅ አልሆኑም። ባለፈው እሑድ ቤቷ ሄጄ ነበር። ባቄላ ጥዳ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ግሌይሶንን ፈልጋ ቤቱ እንደሄደች ነገረችኝ።

«ለምን?» አልኳት ደንግጬ።

«እንጃ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። እሱ መጣ፤ ክንዱ እንደተቆለመመ ቀርቷል። ‹ምን ፈለግሽ?› አለኝ። ‹አላውቅም› አልኩት።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ትንሽ አየኝና በሩን ዘጋው። በአውቶቡስ ተመለስኩ።»

ባቄላው ማረር ጀምሮ ነበር። በቀኝ እጇ አወረደችው።