ለእትዬ ጥሩወርቅ ያላነበብኩላቸው ደብዳቤ

ይህን ለባሌም ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ስንት ጊዜ ትንንሹን ኃጢአት ዘርዝሬ፣ ይህን ውጬ ተመልሻለሁ። እናንተ ስሙኝ።

ከወሎ ለትምህርት ዲላ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ገባሁ። የድሮ ባላባት ልጅ ናቸው። ሰው «ግንቡ» የሚለው የአባታቸው ቤት በደርግ ጊዜ ተወርሶ፣ የቀረላቸው የእናታቸው እልፍኝና ከጎኑ ያለች አንዲት ጓዳ ብቻ ነበር። እልፍኙ ውስጥ ማንም ዝም ብሎ አይገባም። በመስኮቱ ቁልቁል እንሰትና ቡናው ይታያል፤ እትዬ ግን ዓይናቸው ደክሞ አረንጓዴ ነገር እንጂ ሌላ አይለዩም ነበር። እኔ ጓዳዋ ውስጥ እተኛለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እልፍኙ ገብቼ ዳዊቱንም የሚመጣላቸውንም ወረቀት አነብላቸዋለሁ። «ዓይኔ አንቺ ነሽ» ይሉኝ ነበር።

ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ጎንደር ናቸው። ቤቱን ከወረሱት ሰዎች አንዱን ስላገቡ፣ እትዬ ስማቸውን አይጠሩም፣ ስልካቸውንም አያነሱም። አንድ ቀን ግን ደብዳቤ መጣ። «ባሌ ሞቷል። እሺ ካልሽኝ መጥቼ ከጎንሽ ልቀመጥ፤ ሳንሞት እንተያይ» ይላል።

«ከማን ነው?» አሉ እትዬ።

«ከማዘጋጃ ቤት ነው፤ ስለ ቦታ ግብር።»

ለምን ዋሸሁ? እኅትየው ከመጡ ጓዳዋን መልቀቄ ነው ብዬ። እሱ ብቻ ቢሆን በቀለለኝ! ያን ክፍል፣ ያን «ዓይኔ» መባል ለማንም ማካፈል አልፈለግኩም። ማን መከረኝ? ማንም። እኔው ነኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሰባት ወር አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ እትዬ ድንገት፣ «አሰለፈች ነጎድጓድ ስትፈራ እዚህ ቀሚሴ ውስጥ ትደበቅ ነበር» አሉ። ስማቸውን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው ጓዳዋ ውስጥ፣ ደብተሬ መሀል ነበር። ተነስቼ ማምጣት አቃተኝ? አላቃተኝም። አላመጣሁትም።

እትዬ በዚያው ክረምት ሞቱ። ወይዘሮ አሰለፈች ለአርባቸው መጡ፤ እልፍኙ ደጃፍ ላይ ቆሙና፣

«ልጄ፣ ደብዳቤዬ ደርሷት ነበር?» አሉኝ።

«ደርሷቸዋል።»

«አነበብሽላት?»

«አዎ።»

«ምን አለች?»

«ምንም አላሉም።»

«እውነቷን ነው» አሉ፤ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ዞረው ሄዱ። የመጀመሪያውን ውሸት በፍቅር ላሳብብ እችል ይሆናል። ይህን ግን በምን? እኔ እንዳልጋለጥ ብዬ ሟቿን ጨካኝ አደረግኳቸው፤ በሕይወት ያሉትንም ያልተፈረደባቸውን ፍርድ አሸክሜ ሰደድኳቸው።

አሁን እዚሁ ዲላ አስተምራለሁ፤ ወልጃለሁ። ባለፈው ሳምንት የወይዘሮ አሰለፈችን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ እኅቴ አልጨከነችብኝም?» አሉ።

«አልጨከኑብዎትም።»

ማልቀስ ጀመሩ። ቆይተው፣ «አንቺ ግን...» አሉና ሳይጨርሱ ዘጉት።

ይቅር በሉኝ አላልኳቸውም። እናንተንም አልልም። መልሰው ቢደውሉ አነሳለሁ፤ ያልጨረሱትን ይጨርሱት።