ዘጠኝ አጣና ለጠል ሬድዮ

መንፈሳዊው ጣቢያችን ጠል ሬድዮ እንዴት እንዳደገ ሰው ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጃችን ማቲዎስ ስለ ራእይ ያወራል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ሰዓቱን ይረሳል። እኔ ጵርስቅላ ያኔ ስልክ አንሺ ነበርኩ፤ ዛሬም ስልክ አንሺ ነኝ። ራእይ አልታየኝም። ስለ አጣና ግን ጠይቁኝ።

አጣናው የጋሽ ኤጀታ ሰቦቃ ነው። ጋሽ ኤጀታ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ አጥር ከእሳቸው ግቢ የወጣ ነው። እሳቸው ጴንጤ፣ ባለቤታቸው እትዬ ውዴ ደግሞ እንጦጦ ራጉኤልን ሳይሳለሙ የማይውሉ ኦርቶዶክስ ናቸው። በሃይማኖት ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት በድምፅ ነው።

ጋሽ ኤጀታ የእኛን ሬድዮ የሚከፍቱት ለራሳቸው ሳይሆን ለጎረቤት ነው የሚመስለው። እትዬ ውዴ አንድ ቀን መረራቸው።

"ስማ፣ እዚያ ሬድዮ ላይ ዓርብ ዓርብ የሰው ስም ይጠራል። ያንተ ስም የተጠራ ዕለት እንደፈለግህ ታስጮኸዋለህ። እስከዚያ ይዘኸው ውጣልኝ!"

ይግባኝ የለውም። ጋሽ ኤጀታ በገዛ ቤታቸው ስደተኛ ሆኑ። ግቢው ውስጥ የአጣና ክምር ላይ ተቀምጠው፣ ሬድዮዋን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙ ጀመር። ክረምት ሲገባ ጃንጥላ ጨመሩ።

ዓርብ የምንጠራው የደጋፊዎቻችንን ስም ነው። ጠል ሬድዮ ማስታወቂያ አይወስድም፤ የሚኖረው አድማጭ በሚያዋጣው ነው። ማቲዎስ መዋጮ ሲጠይቅ ደግሞ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ለቅሶ ቤት የገባ ነው የሚመስለው። ነሐሴ ላይ እንዲህ አለ፦

"ወገኖቼ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው! ይህ ሬድዮ ያለ እናንተ ድጋፍ መቆም አይችልም! ይወድቃል! ድጋፋችሁን ይዛችሁ ጉርድ ሾላ ቢሯችን ድረስ ኑ!"

በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ዘጠኝ ረጃጅም አጣና ጭኗል። ጋሽ ኤጀታ ከጋቢናው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ የቱ ጋ ነው የሚወድቀው?"

"ምኑ ጋሼ?"

"ሬድዮው ነዋ! ድጋፍ አምጡ አላላችሁም? ያዘመመ ነገር በምን እንደሚደገፍ እኔን ጠይቂኝ።"

ሳቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ነው የሳቅኩት። ከዚያ ድጋፍ ማለት ገንዘብ ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"ታዲያ ገንዘብ ብላችሁ አትጠሩትም?" አሉኝ።

ከዚያ የእትዬ ውዴን ፍርድ፣ ክምሩንና ጃንጥላውን ነገሩኝ። "አጣናውን ተቀበዪኝና ስሜን ጻፊ" አሉ። ቅጹ ላይ ያለው ግን የብር መጠን ብቻ ነው። ወደ ማቲዎስ ሮጥኩ።

"እንጨት አናነብም!" አለ። "ዛሬ አጣና ካነበብን ነገ በግ ነው የሚመጣው!"

ጋሽ ኤጀታ አልተከራከሩም። ቀና ብለው ጣሪያችን ላይ የቆመውን የአንቴና ብረት አዩና፣ "ያ ብረት ግን ዘሟል" አሉ።

"አሠራሩ ነው ጋሼ" አለ ማቲዎስ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

"እሺ። እኔ ያመጣሁትን ይዤ አልመለስም።" አጣናውን ከግንቡ ሥር አስደርድረው ሄዱ። ባርኔጣቸውን ማድረግ እንኳን ረስተው ነበር። ያን ጊዜ መሳቄ ቆጨኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በረዶና ንፋስ ተባብረው መጡ። ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ጧ! አለ። ብረቱን ከወጠሩት ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ፣ አንቴናው ወደ ጎረቤት ጣሪያ ማጎንበስ ጀመረ። ማቲዎስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብረቱን አቀፈና "ጋሽ ኤጀታን ጥሪያቸው!" ብሎ ጮኸ።

ደወልኩላቸው፤ ሁለት ሠራተኞች አስከትለው በዝናቡ ደረሱ። አላሾፉም፣ አልወቀሱም። ዘጠኙን አጣና ጣሪያ ላይ አስወጥተው፣ አንቴናውን እንደ ዘመመ ጎጆ ዙሪያውን ይደግፉት ጀመር። ማቲዎስ ከላይ እስከ ታች ርሶ፣ ብረቱን እንዳቀፈ፣ ጮክ ብሎ ይጸልያል።

"ጸሎቱን ቀጥል" አሉት ጋሽ ኤጀታ፣ "እጅህን ግን እንዳትለቅ።"

ሬድዮው አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይቋረጥ አመሸ።

ዓርብ ዕለት ማቲዎስ ራሱ ማይክሮፎኑ ጋ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "አቶ ኤጀታ ሰቦቃ፤ ዘጠኝ አጣና" ብሎ አነበበ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ አበደ። ለካ ብር ስለሌለው አፍሮ ዝም ያለው አድማጭ ብዙ ነው! አንዲት የአዳማ ሴት፣ "ለእንጨት ስም ከተጠራ እኔ የአራት ፎቅ ጣሪያ አለኝ" አሉ። ዛሬ ድምፃችን አዳማ የሚሰማው ከዚያ ጣሪያ ላይ ነው። የሆሳዕናው ጣቢያ የተጀመረው አንድ ወፍጮ ቤት በሰጠን ጄኔሬተር ነው። አሁን አራት ከተማ ደርሰናል። በጉም አልቀረም፣ መጥቷል።

የዚያ ዓርብ የመጨረሻዋ ደዋይ ግን ጣሪያ ሊሰጡ አልደወሉም።

"ስም የምትጽፊው አንቺ ነሽ?" አለኝ አንድ ቆጣ ያለ የሴት ድምፅ። "ውዴ እባላለሁ። ዘጠኝ ነው ያላችሁት?"

"አዎ እትዬ።"

"ከግቢዬ የጎደለው አሥራ ሁለት ነው!"

አጣና ሰረቃችሁ ሊሉን ነው ብዬ መሐላ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

"ሦስቱን የት አደረስካቸው ብዬ አፋጠጥኩት" አሉ። "ለራጉኤል ሰጥቶልኛል። መስከረም አንድ ለንግሡ ዳስ ይሁን ብሎ፣ ለእኔ እንኳን ሳይነግረኝ። እስቲ አሁን እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?" ድምፃቸው ተሰበረ። ከኋላቸው የእኛ ሬድዮ ቤቱን እየነቀነቀው ነው።

"እትዬ፣ ሬድዮውን ትንሽ ቢቀንሱት፤ በደንብ አልሰማዎትም።"

"አልቀንስም! ስሙ ተጠርቷል። ይልቅ ስሚኝ፣ ሦስቱንም ጻፊ።"

"እትዬ፣ እነሱ እኮ ወደ እኛ አልመጡም።"

"ድጋፍ ድጋፍ ነው። ጻፊ!"

ጻፍኩ። ማቲዎስ ወረቀቱን ሲያይ ለራእይ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈነ። በሚቀጥለው ዓርብ፣ "እርማት አለን" አለ። "አቶ ኤጀታ ሰቦቃ፤ አሥራ ሁለት አጣና።"