መብራት ነው ያልኩበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ጾም መግደፌን እንጂ ይህን አልነገርኳቸውም። ስለ ኮምፒውተር ማስረዳቱ ታክቶኝ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው።

ቡራዩ፣ ኦቦ ዳባ ግቢ ተከራይቼ እኖራለሁ። ኦቦ ዳባ የእርሻ መሬታቸው ሲወሰድ ያገኙትን ካሳ በኮምፒውተር ወርቅ እንድነግድበት አምነው ሰጡኝ። እኔም በመነገጃው ሶፍትዌር ላይ ስክሪፕት፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ትእዛዝ፣ ጻፍኩ። ዋጋው ክፉኛ ሲወርድ ስክሪፕቱ ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል፤ ያኛው ስልኬ ላይ ይደውላል፤ እኔ ባለሁበት ሆኜ እሸጣለሁ።

አንድ ቀን ሶፍትዌሩን እንደገና ጫንኩት። የውጭ ፕሮግራም እንዲያስነሳ የምትፈቅደው ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ረሳሁ። አልሞከርኩትም። እኔ፣ ሰውን «ሳትሞክር አትመን» የምለው! በማግስቱ ጠዋት መናገሻ ቀብር ሄድኩ። ስልኬ ዝም ስላለ ሰላም ነው ብዬ ከለቀስተኛው ጋር ዋልኩ።

ከሰዓት ስመለስ የቆጣሪው ካርድ አልቆ መብራት የለም። ካርዱ ተሞልቶ ኮምፒውተሩን ስከፍት ጉዴን አየሁ። ወርቁ የወረደው ጠዋት ነው፣ መብራት እያለ። ስክሪፕቱ ፕሮግራሙን ለማስነሳት ሞክሮ ተከልክሏል። በብድር ጭምር ገዝቼ ስለነበር ካሳው አልቋል።

ኦቦ ዳባ ደጃፌ ላይ ቆመው «ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አሉኝ። ምን አልኩ? «መብራት ነው፣ ኦቦ» አልኩ። እዚህ ሰፈር መብራት ነው ከተባለ ማን መልሶ ይጠይቃል?

ካርድ የሚያስሞሉት ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ነበሩ። «ኧረ በማርያም፣ ጠዋት መብራት ነበረ!» ብለው ማሉ። እውነታቸውን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «ቤቴን አፈረስሽው» አሏቸው ኦቦ ዳባ። በሳምንቱ አዴ ጫልቱ ጓዛቸውን ይዘው ሱሉልታ፣ ወንድማቸው ቤት ገቡ። የሠላሳ ዓመት ትዳር እኮ ነው!

መርሳቴን ይቅር በሉኝ ብል ያምርብኛል፤ ሰው ይረሳል። መዋሸቴንስ? ያን ቀን ዋሸሁ፣ በማግስቱ ዋሸሁ፣ ዝም ባልኩ ቁጥር ዋሸሁ። ደክሞኛል፤ ግን ድካም ንስሐ አይደለም።

ባለፈው ሱሉልታ ታክሲ ተራ አዴ ጫልቱን አገኘኋቸው። ከስተዋል። ጉንጬን ስመው እጄን ያዙኝ።

«እርጅና ነው ልጄ፣ ካርዱን ረስቼው ይሆናል» አሉኝ። «ልፋትህን መና አስቀረሁብህ። ይቅር በለኝ።»

እኔም፣ ይሄው እኔ፣ «ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው።