አስተርጓሚው የጣለው

የመመረቂያ ሥራዬ ሁለት ኮምፓይለሮችን ማወዳደር ነበር፤ ሁለቱም ኮዳቸው ለማንም ክፍት፣ ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ። አባቴ "ኮምፓይለር ደግሞ ምንድን ነው?" ሲለኝ፣ "ሰው የጻፈውን ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው" አልኩት። ደስ አለው። እሱም ሆሳዕና ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የእንግዳ ሰባኪዎችን አማርኛ ወደ ሀዲይሳ ሲመልስ የኖረ ሰው ነው። "ታዲያ የቱ ይሻላል?" እያለ ይነዘንዘኝ ጀመር።

መልሱ ቀላል አልነበረም። አንደኛው የሚያወጣው ፕሮግራም ትንሽ ይፈጥናል፤ ስሳሳት ግን የሚወረውርብኝ መልእክት ራስ ያዞራል። ሌላኛው ስህተቴን ከነቦታው ያሳየኛል፤ ለእንደኔ ዓይነቱ ጀማሪ ይህ ከፍጥነት ይበልጣል። መብራት ሳይሄድ እየተሻማሁ በአሮጌ ላፕቶፔ ፍጥነታቸውን ደጋግሜ ለካሁ። አንድ ቀን የፈጣኑ ኮምፓይለር ፕሮግራም ገና ሳይጀምር ጨረሰ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ኋላ ሳየው፣ የስሌቱ ውጤት የትም እንዲጻፍ ስላላዘዝኩ፣ ኮምፓይለሩ ለማንም አይጠቅምም ብሎ ሥራውን በሙሉ ቆርጦ ጥሎታል። ለአባቴ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "ጎበዝ ነው! ሰባኪ ሲያንዛዛብኝ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።"

በዚያው ሰሞን እናቴ ታመመች። ፎንቆ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ አማርኛዋ ከዋጋ አያልፍም። ሆስፒታል አብረናት ገባን። ሐኪሙ ሀዲይሳ የማያውቅ ወጣት ነው። ውጤቷን እያየ ረጅም ተናገረ፦ ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ውስጥ ተሰራጭቷል፣ ቀዶ ሕክምና አይጠቅማትም፣ ከእንግዲህ የሚቻለው ሕመሟን ማስታገስ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ።

"አባባ፣ በደንብ ይንገሩልኝ።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና በሀዲይሳ፣ "መድኃኒት ይሰጡሻል፤ ቤትሽ ሆነሽ ትወስጃለሽ" አላት። በቃ፣ ይቺው ናት። ደሜ ፈላ። ልማዱን አውቃለሁ፣ ለታማሚ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። ግን የሚሞተው ማን ሆነና ነው እኛ አውቀነው እሷ የማታውቀው?

"ገባቸው?" አለ ሐኪሙ።

"ገባት" አለ አባቴ።

በባጃጅ ስንመለስ እሱ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔና እናቴ ከኋላ። በሞተሩ ጩኸት ተከልላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ሐኪሙ ያን ሁሉ ተናግሮ የአባትሽ ያቺው ናት?"

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ።

"አንቺ አማርኛ ትችያለሽ። ታዲያ ለምን ነው ያስተማርኩሽ?"

ነገርኳት። "ተሰራጭቷል" ለሚለው ለስላሳ ቃል ፈልጌ በሀዲይሳም አላገኘሁም። ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ እጄን እንደያዘች የአባቴን ማጅራት ረጅም ጊዜ አየች።

"እንዳወቅሁ እንዳይሰማ" አለችኝ። "አምናኛለች ብሎ ይኑር።"