አሚን ያጣው መናፈሻ

ባለፈው ሳምንት ከወረዳው የመጣ አንድ ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሐይቋ ዳር ሊተከል የተዘጋጀውን ሰሌዳ በስልኩ አሳየኝ። «ይህ ጥንታዊ መናፈሻ ለሕዝቡ መዝናኛ ተብሎ የተሠራ ነበር» ይላል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አነበብሁት። «ለሕዝቡ» የምትለው ቃል ደሜን አፈላችው። እኔ እኮ ያኔ ነበርሁ! ለአቅመ ሔዋን የደረስሁ ልጃገረድ ነበርሁ፤ ሕዝቡም እኛ ነበርን።

ሐይቋ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ ሲሄዱ ከመንገዱ ፈቀቅ ብላ ትገኛለች። ትንሽ ናት፤ ግን ምንጩ ሁሉ ሲነጥፍ እሷ አትነጥፍም። ግንቦት ላይ የዙሪያው ከብት ሁሉ ከእሷ ይጠጣል። እኛ ሴቶቹም ልብስ እያጠብን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ሣሩ ላይ እንውላለን። በዓል ሲሆን እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያው ፈረስ ይጋልባል። መዝናኛ ካሉ መዝናኛው እሱ ነበር።

የዚያን ጊዜው ገዣችን ፊታውራሪው ወደ ቢሾፍቱ ሄደው የመኳንንቱን የሐይቅ ዳር መዝናኛ አዩና ቅናት ያዛቸው። ተመልሰው ሐይቋን ዙሪያዋን አሳጠሯት። ጀልባ ተፈታትቶ በበቅሎ ከደሴ መጣ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ፈረሶቹ ናቸው፤ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ፣ በአንድ ምሰሶ ዙሪያ የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች። በእኛ በቦረና! ልጅ ከእናቱ ጀርባ ወርዶ ፈረስ ላይ በሚወጣበት አገር! ሞተር ስለሌላቸው ሊገፏቸው የተመለመሉት ገበሬዎች ነበሩ። ወንድሜ ሰይድ የራሱን ፈረስ ከአጥሩ ውጭ አስሮ፣ ያንን ግንድ እየገፋ ሲለማመድ ይውል ነበር።

ሐይቋ ስትታጠር ከብቱ ወደ ሸለቆው ወንዝ መውረድ ጀመረ። ቡሬ የምንላት ላማችን እርጉዝ ነበረች፤ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጣትና ገደል ገባች። አባቴ ሸህ ይማም ቁርአን አስተማሪ ነበሩ። ያን ቀን ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ቁርአን ሳያስቀሩ ዋሉ።

መናፈሻው የሚከፈት ዕለት ፊታውራሪው አባቴን አስጠሩ። በእኛ አገር ያለ ዱዓ በር አይከፈትም፤ የደሃ ጎጆም ይሁን የጌታ አዳራሽ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ እኛ ከአጥሩ ውጭ ቆመናል።

«ሸህ፣ ይመርቁልን እንጂ። ምን ይጠብቃሉ?» አሉ ፊታውራሪው።

«ጌታው፣ በሩን ለከብቱም ይክፈቱትና፣ ወላሂ እስኪመሽ እመርቃለሁ።»

«እበት በጀልባዬ ዳር አላይም!»

አባቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ። ፊታውራሪው አሽከራቸውን ጠቀሱት። አሽከሩ እጁን ዘርግቶ፣ «ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልን!» አለ። አሚን የሚል ጠፋ። እኛ እኮ ለመንገደኛ ምርቃት እንኳ አሚን የምንል ሰዎች ነን! «ጤናውን፣ ሰላሙን ይስጠን!» አለ ደግሞ። የተጠሙት ላሞች ብቻ ከኋላችን እምቧ ይላሉ።

«አሚን በሉ!» ብለው ፊታውራሪው ጮኹ።

ክርስቲያኑ ጎረቤታችን አያ ደምሴ፣ «ጌታዬ፣ አሚን በአለንጋ አይወጣም» አሉ።

አባቴና አያ ደምሴ አንድ ላይ ታሰሩ። ክረምቱ ሲወጣ አያ ደምሴ በእግራቸው መጡ፤ አባቴን ግን በቃሬዛ አመጣናቸው። የእስር ቤቱ ብርድ ደረታቸውን በልቶት ነበር፤ ሐይቋን ዳግም ሳያዩ ሞቱ። መናፈሻው ዱዓ ያልተደረገበት ነውና የእንጨት ፈረሶቹን የሚገፋ ሰው ጠፋ፤ እንግዳውም ቀረ። ኋላ አጥሩ ማገዶ ሆነ። ሰው «የአላህ ፍርድ ነው» ይላል። ለአባቴ ምን ፈየደላቸው? እኔ ዛሬም እንደተናደድሁ ነኝ።

የወረዳው ልጅ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ «እማማ፣ እዚያው ሐይቋ ዳር የሠራነው አዲሱ መናፈሻ ቅዳሜ ይመረቃል። ምርቃቱን እርስዎ ቢጀምሩልን» አለኝ።

«ከብቱ በየት ነው የሚገባው?»

ፈገግ አለ። «ለንጽሕና ሲባል ይታጠራል፣ እማማ።»

«እመጣለሁ» አልሁት። «ከፊት ወንበር አድርጉልኝ። አሚን ግን ከእኔ አትጠብቁ።»